ዶክተር ስንሻው ደብተር ሲዘጉ

የዶክተር ስንሻውን ማረፍ የሰማሁት በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ፣ ቢሮዬ ውስጥ የፈተና ወረቀት ሳርም ነው። የደወለልኝ የትምህርት ክፍላችን ባልደረባ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጀመሪያ ቁጭ ብዬ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ቁጭ ብያለሁ ስለው ነገረኝ። ሁለት ቀን ታመው ሆስፒታል ገብተው ነበር፤ አልተረፉም። እንደ ልጃቸው ስለነበርኩ ከሌላ ሰው እንዳልሰማው ብሎ ቀድሞ መደወሉን ነገረኝ፤ አመስግኜው ስልኩን ዘጋሁ።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ ሳይሆን ንዴት ነው። ከዛሬ ነገ ቁጭ አድርጌ እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ ዓመታት ያሳደርኩት ነገር ነበረኝ። አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር መልሰውኝ ነበር፤ ለሁለተኛው ጥያቄ ድፍረት ሳጠራቅም ቀደሙኝ። የሞተ ሰው ላይ መቆጣት ደግሞ ከባድ ነው፤ አገር ምድሩ ደግነቱን ሲያወራ አንቺ ብቻሽን አኩርፈሽ ትቀመጫለሽ።

ቀብራቸው ላይ ያልመጣ ሰው አልነበረም። የዩኒቨርሲቲው መምህራን፣ ያስተማሯቸው የመንግሥት ሠራተኞች፣ ከደጋ ድረስ ጋቢ ለብሰው የመጡ ገበሬዎች። እኔም አለቀስኩ። ማልቀሴ የባሰ አናደደኝ።

ያወቅኳቸው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሆኜ ነው። ትምህርቱ የክልል ልማትና ፖሊሲ ነበር፤ እኔም ከተመረቅኩ አንድ ቢሮ ውስጥ ገብቼ ዕቅድ እጽፋለሁ ብዬ የተመዘገብኩ የከተማ ልጅ ነበርኩ። ዶክተር ስንሻው አጠር ያሉ፣ ጠየም ያሉ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት የማይለያቸው ሰው ናቸው። ከኮቱ ኪስ የገብስ ቆሎ አይጠፋም። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ገቡና ስማቸውን እንኳ ሳይነግሩን፣ ባለፈው ሳምንት ከገበሬ ጋር አምስት ደቂቃ ያወራ እጁን ያውጣ አሉ። አንድም እጅ አልወጣም። ታዲያ የማንን ልማት ልትማሩ ነው የመጣችሁት ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አያሳፍርም፣ አብረሽ ያስቅሻል። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ኮላ ድባ ወርደን፣ ያለ ደብተር ያለ እስክሪቢቶ ስንዞር ውለን የሰማነውን እንድንነግራቸው አዘዙን።

ጓደኞቼ የጤፍ ዋጋ ይዘው መጡ። እኔ የአንዲት ሽምብራ ሻጭ ታሪክ ይዤ መጣሁ። ሴትዮዋ አንድ ነጋዴ ያለችውን ሁሉ ጠቅልዬ ልግዛሽ ሲላት እምቢ አለችው። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ ከሸጠች ወደ ቤቷ መሄድ አለባት፤ ሩቅ አገር የተዳረች እህቷን የምታገኘው ደግሞ ገበያ ላይ ብቻ ነው። ዶክተር ስንሻው ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እህትየው መጣች ወይ ብለው ጠየቁኝ። መጣች አልኳቸው። ያን ጊዜ ወደ ክፍሉ ዞረው፣ ይህን የትኛው መጠይቅ ያመጣላችኋል አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምርምር ረዳታቸው ሆንኩ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከአባቴ ሌላ እንዲህ ጆሮ ሰጥቶ የሰማኝ ሰው አላውቅም ነበር።

የምንሠራው ጥናት ርዕሱ ሁለት መስመር የሚፈጅ ነው። ባጭሩ፣ ውርጭና በረዶ የሚመታቸው የሰሜን ጎንደር ደጋ ቀበሌዎች ክፉውን ዓመት እንዴት እንደሚያልፉት መመርመር ነበር። ሌሎቹ ምሁራን ሪዚሊየንስ ይሉታል። ዶክተር ስንሻው ግን "ችሎ ማደር" ነው የሚሉት። ይህን ቃል ሲናገሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያሳርፋሉ። ስብሰባ ላይ አንዱ አማካሪ በስላይድ ቀስትና ክብ እየሣለ ሲያስረዳ፣ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ ይህ ሰውዬ አንድ ክረምት ደጋ ቢያድር እነዚህን ክቦች በሙሉ ያጠፋቸዋል ይሉኝ ነበር።

ገበሬ ቤት ስትገቡ ዲግሪያችሁን ከጫማችሁ ጋር ደጅ አስቀምጡ ይሉናል፤ ብለውም አይቀሩ፣ እሳቸው ራሳቸው መጠይቅ ከማውጣታቸው በፊት ግማሽ ቀን አረም ያርማሉ፣ ድንጋይ ያቀብላሉ። ከሁሉ የማልረሳው ግን ደብተር አዘጋጋቸውን ነው። ጥቁር ጠንካራ ልባስ ያለው፣ በላስቲክ የሚታሰር ደብተር ነበራቸው። ሰውየው ለመጠይቁ የሚሆን መልስ እየሰጠ፣ ዐይኑ ግን ሌላ ነገር ሲያወራ ካዩ፣ በመሀል ደብተራቸውን ይዘጋሉ። ላስቲኩን ቀስ ብለው ያስሩታል። እስክሪቢቶውን የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው ቁልፉን ይቆልፋሉ። ከዚያ ቆሎውን አውጥተው መሀል ላይ ያፈሱና "በሉ ሥራው አለቀ፤ አሁን እንጫወት" ይላሉ።

ያን ጊዜ የሰዉ ትከሻ ሲወርድ ይታያል። ድምፁ ይለወጣል። እኛ በአራት ገጽ መጠይቅ ያላገኘነው ሁሉ በዚያች ሰዓት ይመጣል። ታዲያ እሱን አንጽፍም። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ፣ ይህን ያህል ነገር ሰምተን ሳንጽፍ መቅረታችን አይቆጭዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። የሰማነው የእነሱ ነው፣ እኛ እንግዶች ነን አሉኝ። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ የንስሐ አባት ናቸው፤ የስንቱን ቤት ጉድ ተሸክመው ራት ላይ ስለ አየሩ ሲያወሩ አይቼ ነው ያደግኩት። እናም የዶክተር ስንሻው ደብተር መዝጋት ለእኔ ሥርዓት መሰለኝ። እንዲያውም ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ ደስ አላቸውና፣ እንዲህ ያለ ምሁርም አለ ለካ አሉኝ።

ጓሳ አፋፍ የምትባለው ቀበሌ ከዋናው መንገድ መኪና ጥለን ሁለት ሰዓት በእግር የምንደርስባት ናት። ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ከገብስ ሌላ ብዙ ነገር የማይበቅልባት፣ ጥቅምት ላይ ውርጭ ከወረደባት ዓመቱ የተበላሸባት አገር ናት። እዚያ ነው እቴ አንጓችን ያገኘናት። ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ብትበልጥ ነው፤ ባሏ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቷ ነበር፤ አራት ልጆች አሏት። ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል የመጀመሪያው ነው።

መጠይቁ ላይ፣ የዘር እጥረት ሲያጋጥምዎ ከየት ያገኛሉ የሚል ጥያቄ ነበር። እኔ አነበብኩላት። ከዘመድ አለች። ጻፍኩ። ምን ያህል ስላት ወደ ምድጃው ዞር አለች። ዶክተር ስንሻው ይህን አዩና ደብተራቸውን ዘጉ። ላስቲኩን አሰሩ፤ ኪሳቸውን ቆለፉ። እኔም ከመጠይቁ ላይ እጄን አነሳሁ፤ ወረቀቱ ግን ጉልበቴ ላይ እንደነበረ ነው። ቆሎው መጣ። ስለ ባሏ ጠየቋት፣ ስለ በሽታው፣ በመጨረሻ ቀን ምን እንዳላት። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ሰሟት። ከዚያ በኋላ እሷ ራሷ "ከዘመድስ አይደለም" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር የሰንበቴ ማኅበሩ የድንጋይ ጎጆ አለች። ከአዝመራ በኋላ እያንዳንዱ ቤት ለዘር የሚሆን ንጹሕ ገብስ በእንቅብ እያመጣ እዚያ ያለው ጎታ ውስጥ ይገለብጣል። ማን ሞልቶ አመጣ፣ ማን ቀረ የሚል የለም። የዘር ጊዜ ሲደርስ የማኅበሩ አለቃ፣ እነሱ ሙሴ የሚሉት፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ለሁለት ሳምንት ይተወዋል። ውርጭ እህሉን የበላበት ሰው ሄዶ የሚበቃውን ይሰፍራል። በእነዚያ ቀናት ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩ ውስጥ የሚቀመጥ የለም። ከጎጆዋ በሚወርደው መንገድ ላይ ጆንያ የተሸከመ ሰው ያጋጠመው፣ ሰላም አይልም፤ ፊቱን ወደ ገደሉ መልሶ ያልፋል። ያ ነው ክብሩ። በአገሩ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ግን ነውሩ ሰላም ማለት ነው።

እቴ አንጓች ሦስት ዓመት ከዚያ ወስዳለች። "ልጆቸም አያውቁ። ከገበያ ገዛሁ ነው የምላቸው" አለችን። ከዚያ ደንገጥ ብላ፣ "እንዳትጥፉት አደራ" አለች።

"ደብተሩ ተዘግቷል እኮ፣ እታለም" አሏት ዶክተር ስንሻው።

ስንወርድ ልቤ ሞልቶ ነበር። ስንት ዓመት ፖሊሲ የሚባል ነገር ስማር ይህን የመሰለ ሸጋ ሥርዓት አንብቤ አላውቅም። ዶክተር ስንሻው መኪናው ውስጥ ከፊት ተቀምጠው አንድ ነገር ሲጽፉ ነበር፤ መንገዱ እያንገጫገጫቸው፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ ጎንደር እስክንገባ። የነገ ዕቅድ መስሎኝ ነበር።

ከዓመት በኋላ የጥናቱ ውጤት አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቀረበ። ከክልልም ከዞንም ከወረዳም ተጠርቷል፤ እኔ በር ላይ ስም እየመዘገብኩ ነበር፣ ዘግይቼ ገባሁ። ዶክተር ስንሻው መድረኩ ላይ ናቸው። ስክሪኑ ላይ "ስውር የዘር ባንክ፤ የቀበሌ ‹ለ› ተሞክሮ" ይላል። መጀመሪያ አልገባኝም። ሌላ አገር ያለ ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የጎጆዋን ንድፍ አየሁ። ገርበብ ያለው በር፣ ሁለቱ ሳምንታት፣ ፊትን ወደ ገደል መመለስ፣ አንድ ሳይቀር። ቀጥሎ ያለው ስላይድ ላይ የምላሽ ሰጪ ቃል ተብሎ ሠፍሯል፦ ባሏ የሞተባት፣ የአራት ልጆች እናት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በመጀመሪያው ቤት የምትኖር። ከሥሩ በጥቅስ ምልክት ውስጥ፣ "ልጆቼም አያውቁም።"

ስሟን አልጻፉም፤ የቀበሌውን ስምም አልጻፉም። ደንቡ ያዘዘውን ሁሉ አድርገዋል። ከፍታውን፣ ከመንገድ ያለውን ርቀት፣ ገደሉን ግን ለጥናቱ ጥራት ሲሉ አንድ በአንድ አስቀምጠዋል። እኛ የዚህ ሙያ ሰዎች እንዲህ ነን፤ ስም ደብቀን ፊት እናሳያለን። ሻይ ሰዓት ላይ አንድ የወረዳ ኃላፊ ስላይዱን በስልኩ አንስቶት ኖሮ፣ ይሄ ጓሳ አፋፍ ነው አይደል ብሎ እየሳቀ ጠየቀኝ። አፌን ይዤ ቀረሁ። ዝምታዬን እሺታ አድርጎ ወሰደው።

የታተመውን ጽሑፍ ያነበብኩት በማግስቱ ነው። ስለ ጥናቱ ዘዴ በሚያወራው ክፍል አንዲት አንቀጽ አለች። ደብተር ተዘግቶ፣ ጨዋታ ተጀምሮ የሚገኝ መረጃ ደብተር ተከፍቶ ከሚገኘው ይልቅ አስተማማኝ ሆኖ መገኘቱን ትገልጻለች። ዘዴውን ሌሎች ተመራማሪዎችም እንዲሞክሩት ትመክራለች። እሷን አንቀጽ ስንቴ እንዳነበብኳት አላውቅም። ለካ ሥርዓት አልነበረም። ላስቲኩ፣ የኪስ ቁልፉ፣ ቆሎው፣ "አሁን እንጫወት"፣ ሁሉም ዘዴ ነው። ከላይ የደራሲዎቹ ስም አለ። የእሳቸው አንደኛ፣ የእኔ ሁለተኛ።

ቢሮአቸው ሄድኩ። ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ ወንበር ላይ ያለውን ወረቀት አንስተው እንድቀመጥ ጋበዙኝ። አልተቀመጥኩም። ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። "ደብተሩን ዘግተው ነበር እኮ" አልኳቸው።

ወዲያው ገባቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

"ደብተሩን ነው የዘጋሁት ማኅሌት፤ ጆሮዬን አይደለም" አሉኝ።

ከዚያ በረጋ መንፈስ አስረዱኝ። ይህን ነገር ባይጽፉት ኖሮ እነዚያ ሰዎች ምንም የማያውቁ እርዳታ ጠባቂዎች ተደርገው እንደሚቀሩ፣ ፖሊሲ አውጪው የገበሬውን ብልሃት ማወቅ እንዳለበት፣ ነገ ለዚያች ጎጆ ድጋፍ ቢመጣ ትክክል መሆናቸውን እንደማይ። በክፋት አልነበረም፤ ያመኑበትን ነው የሚናገሩት። ስሜንም ሁለተኛ ላይ ያስገቡት ስለሚገባኝ እንደሆነ፣ ለመምህርነት ስወዳደር እንደሚጠቅመኝ ነገሩኝ። ስሜን አውጡልኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንደተባለውም በዚያች ጽሑፍ መምህርት ሆንኩ። ይህችን እዚህ ላይ የምጽፋት ስለ እሳቸው ሳወራ ራሴን ንጹሕ አድርጌ እንዳላልፍ ነው።

ድጋፉ መጣ። ወረዳው ጎጆዋን ቆርቆሮ አለበሳት፣ የብረት በር አስገጠመላት፣ ኮሚቴ አቋቋመ፣ መዝገብ ላከ። ከእንግዲህ ዘር የሚወስድ ሰው ስሙን አስመዝግቦ፣ ፈርሞ ነው። ዶክተር ስንሻው የቆርቆሮውን ፎቶ ክፍል ውስጥ እያሳዩ፣ ጥናት ፖሊሲ ሲሆን ይህን ይመስላል ይሉ ነበር። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ ተብሎ ተነገረኝ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ውርጭ ወረደ። ለተጎዱት ቀበሌዎች የዘር ገብስ ሲታደል ጓሳ አፋፍ የራሷ ባንክ ያላት ተብላ ታለፈች። ጎጆዋ ውስጥ ገብስ ነበረ። የዘር ጊዜ ሲደርስ ግን ፊርማውን ፈርሞ የሚወስድ ሰው ጠፋ። ማን በመዝገብ ላይ ይውላል? ገብሱ ነቀዘ። ማሳው ጦም አደረ። ይህን የሰማሁት ከሰንበቴው ሙሴ ከአያ ካሴ ነው፤ ቁጥሬን ከአንዱ አግኝተው ደወሉልኝ። አልተቆጡም። የእቴ አንጓች ታሪክ በስብሰባ ላይ መነበቡን፣ ልጆቿ ጆሮ መድረሱን፣ ትልቁ ልጇ እናቴን ለማኝ አስባልኳት ብሎ ወደ መተማ ለቀን ሥራ መሄዱን፣ እሷም መሬቷን ለእኩል አራሽ መስጠቷን ነገሩኝ። መጨረሻ ላይ፣ "ምነው ልጄ፣ ምነው እንዲህ አደረግሽን?" አሉኝ።

ልብ በሉ፤ አደረግሽን ነው ያሉኝ። ጓሳ አፋፍ ላይ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። እኔ ነበርኩ ወረቀት ጉልበቴ ላይ የነበረኝ። እኔ አይደለሁም ማለት ፈልጌ ነበር። ስሜ ጽሑፉ ላይ አለ፤ ምን ብዬ ነው የምክደው?

ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሬን ባጭሩ በጨረስኩ። አባቴ የታመሙ ጊዜ ዶክተር ስንሻው በየቀኑ እየመጡ አጠገባቸው ይቀመጡ ነበር፤ ጋዜጣ ያነቡላቸዋል፣ ትራስ ያስተካክሉላቸዋል። የቤት ኪራይ ያጠረው ተማሪ ቤታቸው አድሯል። ማኪያቶ ሲጋብዙኝ የተማሪዎቼን ችግር አንድ በአንድ ይጠይቁኛል፤ የነገርኳቸውን አይረሱም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሲያዳምጡኝ እፈራቸው ነበር። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ጎንበስ ያለውን ጭንቅላት፣ የማይቸኩለውን ዝምታ አውቀዋለሁ። የምወደው ነገር እሱ ነበር፤ እሱኑ ነው የወሰዱብኝ። ሳልጠይቃቸው የቀረሁትም ይህንኑ ነው፤ ያ ሁሉ ማዳመጥ ከልብ ነበር ወይስ ዘዴ ብቻ። አሁን ተማሪዬ ቢሮዬ መጥታ ችግሯን ስትነግረኝ፣ ከልቤ እየሰማኋት ነው ወይስ እንደ እሳቸው ነው ብዬ ራሴን እጠረጥራለሁ።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ ጓሳ አፋፍ ወጣሁ። ከዚያ በፊት ያልሄድኩት አንዳንዴ መንገዱ ስለሚዘጋ ነው፤ ሲከፈትም ፈርቼ ነው። አሁን ግን ቆርጬ ነበር። ለእቴ አንጓች የምለውን መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ወጣሁ፦ እኔ አልጻፍኩም፣ የጻፉት እሳቸው ናቸው፣ እኔም እንዳንቺው ነው የተከዳሁት። ሰውየው ሞተዋል፤ እውነቱ ከእንግዲህ አይጎዳቸውም። እኔን ግን ያነጻኛል። ሌላ ምንም አልፈለግኩም፤ አንድ ሰው፣ እሷ ብቻ፣ እንድታውቅልኝ።

በራፏ ላይ ገብስ ስታበጥር አገኘኋት። ወዲያው ለየችኝ። ትንሽ ቆማ አየችኝና ሰፌዱን አስቀምጣ መጣች፤ ጉንጬን ሳመችኝ። አስገብታ አስቀመጠችኝ። ቆሎ አቀረበች፣ ጠላ ቀዳች፣ ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ። ከስታለች። አፌን ልከፍት ስል ቀደመችኝ።

"ለምን እንደመጣሽ አውቃለሁ" አለች። "ይቅር ብየሻለሁ፣ ገና ድሮ። ልጅ ነበርሽ፤ እንጀራሽ ነው።"

"እቴ አንጓች፣ እኔ እኮ..."

"ተይው በቃ። ሰዉ ሁለታችሁንም ሲያማ እኔ እምቢ አልሁ። የጣፈችው ልጅቱ ትሆናለች እንጅ፣ እሳቸውስ ደብተራቸውን ዘግተው ነበር፤ ዐይኔ አይቷል አልኋቸው። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደ ሰው ቁጭ ብለው ያዋሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለሱ የጠየቀኝ ሌላ ሰው የለም። ደኅና ናቸው?"

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው የሚፈጀው። ፊቷን አየሁት። ስማቸውን ስታነሳ ትከሻዋ እንደዚያን ቀን ወርዶ ነበር። ዘሯ ሄዷል፣ ልጇ ሄዷል፣ መሬቷ በሰው እጅ ነው፤ የቀራት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ አንድ የተማረ ሰው ቆሎ እየበላ ስለ ባሏ የሰማት። እሱን ነጥቄያት ልወርድ አልቻልኩም። እኔም እንዳልጻፍኩ ሳልነግራት ቀረሁ፤ አንዱን ስነግራት ሌላውን መጠየቋ አይቀርም።

"ዐረፉ" አልኳት።

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፣ ለዘመድ እንደሚለቀስ። እኔ ደረቅ ዐይኔን ይዤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ቆይታ ዐይኗን ጠረገችና አርባቸው መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

"የክርስትና ስማቸውን ንገሪኝ" አለች። "ለቄሱ እሰጣለሁ፤ በቅዳሴው ይጥሩልኝ። ሌላ ምን አለኝ የማደርግላቸው።"

በቀብሩ ዕለት ቄሶቹ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ከሣጥኑ አጠገብ ቆሜ ነበር። ስሙን ደጋግመው ጠርተውታል። የቄስ ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ስም ከሰማሁ አይጠፋኝም።

"አላውቀውም" አልኳት።

ምነው፣ ይህን ያህል ዘመን አብረሽ ስትሠሪ በሚል ዐይን አየችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ከዚያ ልታጽናናኝ ፈልጋ ይመስለኛል፣ ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

"ግድ የለም፤ ስማቸውንስ እግዜር ያውቀዋል" አለችኝ።

እኔም አውቀዋለሁ።